ሳንጠራቸው የሚመጡ ማስታወቂያዎች፦ ከስልካችንና ከኮምፒውተራችን እንዴት እናስወግዳቸው?

ከምእመናን ከሚደርሱን ጥያቄዎች መካከል ጠያቂዎቹ በይፋ ለማንሣት የሚያፍሩባቸው አሉ። በቆሰበር ከተማ፣ በእንጅባራ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት የሚያገለግል አንድ ወንድማችን ያካፈለን ታሪክ ከእነዚህ አንዱ ነው። ለሌሎች ትምህርት ይሆን ዘንድ ስለ ፈቀደልን ስሙን ሳንጠቅስ እናቀርበዋለን።

ይህ ወንድማችን በሳምንታዊው መርሐ ግብር ላይ የዕለቱን ስንክሳር ከስልኩ ያነብ ነበር። አንድ ቀን በንባቡ መካከል ያልጠራው የማስታወቂያ ምስል ድንገት ወጥቶ ገጹን ሸፈነው። ምስሉ በጉባኤ ፊት ይቅርና ብቻውን ሆኖ እንኳ ሊያየው የማይወደው ነበር። አጠገቡ የተቀመጡት ሕፃናት አዩት፤ እርሱም ስልኩን በነጠላው ሸፍኖ ንባቡን አቋርጦ ተቀመጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኩን ወደ ጉባኤ ይዞ መሄድ ተወ። «ምን ስታይበት ከርመህ ነው?» እንዳይባል ስለ ፈራም ማንንም አልጠየቀም።

በመጨረሻ ስልኩን ወደ ጥገና ቤት ወስዶ «ፍላሽ» አስደረገው። ስልኩ ጸዳ፤ ነገር ግን ከማስታወቂያው ጋር በውስጡ የነበረው ሁሉ አብሮ ተጠረገ። ከጠፋው መካከል የቅኔ መምህር የነበሩት አባቱ ከማረፋቸው በፊት የቀረጸው ድምፃቸው ይገኝበታል። ሌላ ቅጂ አልነበረውም። ይባስ ብሎ ሳምንት ሳይሞላው ማስታወቂያው ተመልሶ መጣ፤ ከጓደኛው ስልክ የተቀበለውን የመዝሙር መተግበሪያ መልሶ ጭኖት ነበርና። የችግሩ ምንጭ ያ መተግበሪያ ነበር።

የአባቱ ድምፅ መጥፋት አልነበረበትም። ችግሩ አንድን መተግበሪያ ለይቶ በማጥፋት፣ ከዐሥር ደቂቃ በማይበልጥ ጊዜ ሊፈታ ይችል ነበር። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣንም ይኸው ነው። ሳንጠራቸው የሚመጡት ማስታወቂያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚገቡት ሳናስተውል በሰጠነው ፈቃድ ነው። የትኛውን ፈቃድ እንደ ሰጠን ለይተን ካወቅን ስልኩን ባዶ ሳናደርግ ያንን ፈቃድ ብቻ መልሰን መንሣት እንችላለን።

ማስታወቂያና አድዌር

በቅድሚያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። ማስታወቂያ ሁሉ ጎጂ አይደለም። ጋዜጣም ሬዲዮም በማስታወቂያ ሲተዳደሩ ኖረዋል፤ በርካታ ድረ ገጾችና መተግበሪያዎችም በነጻ የሚቀርቡልን ማስታወቂያ አስነጋሪው ስለሚከፍልላቸው ነው። በዩቲዩብ መዝሙር ስናዳምጥ በመካከል የሚገባው ማስታወቂያ ቢያሰለችም ስልካችን መበከሉን አያመለክትም። በፕሌይ ስቶር የሚገኝ መተግበሪያም «ማስታወቂያ ይዟል» ተብሎ በግልጽ ሊጻፍበት ይችላል።

አድዌር የሚባለው ከዚህ የተለየ ነው። ሌላ ነገር መስሎ ወደ ስልካችን ወይም ወደ ኮምፒውተራችን የሚገባ፣ እኛ በሌላ ሥራ ላይ ሳለን በገጹ ላይ ማስታወቂያ የሚደነቅር፣ ለማጥፋት ስንሞክርም የሚደበቅ ፕሮግራም ነው። ባለቤቶቹ ማስታወቂያው በታየ ወይም በተነካ ቍጥር ክፍያ ያገኛሉ። ስለዚህ ጥቅማቸው ያለው በብዛት በማሳየት ነው፤ የሚታየው ምስል ለማን፣ በምን ሰዓትና በምን ቦታ እንደሚታይ አይገዳቸውም። ክፍያውን የምንሸፍነው ደግሞ በከፊል እኛው ነን፤ የገዛነው የኢንተርኔት ጥቅል ሳንጠቀምበት ያልቃል፣ ባትሪው ቶሎ ይደክማል፣ ስልኩም ይዘገያል።

በገጽ ላይ ብቅ የሚለው የማስታወቂያ መስኮት፣ በተለምዶ «ፖፕ አፕ» የምንለው፣ የተፈጠረበት ምክንያት ለርእሳችን ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኢታን ዙከርማን የተባለ አሜሪካዊ ትራይፖድ በተባለ ድርጅት ውስጥ ይሠራ ነበር፤ ድርጅቱ ሰዎች የየራሳቸውን ድረ ገጽ የሚከፍቱበት ነበር። አንድ ትልቅ የመኪና ኩባንያ ማስታወቂያው ነውረኛ ይዘት ባለው ገጽ ላይ መለጠፉን አይቶ ተቈጣ። ዙከርማንም ማስታወቂያው ከገጹ ጋር ተጣብቆ እንዳይታይ በተለየ መስኮት የሚከፍት ኮድ ጻፈ። ማስታወቂያን ከነውር ለመለየት የታሰበው ዘዴ በሌሎች እጅ ነውርን ወደ ንጹሕ ገጽ የሚያስገባ መሣሪያ ሆነ። ዙከርማንም እ.ኤ.አ. በ2014 ዘ አትላንቲክ በተባለው መጽሔት ላይ ስለዚህ ሥራው በይፋ ይቅርታ ጠይቋል።

አራቱ መግቢያዎች

የመጀመሪያው መግቢያ የማሳወቂያ ፈቃድ ነው። ክሮም የተባለው የኢንተርኔት ማሰሻ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ድረ ገጾች እንደ ቴሌግራም ሁሉ መልእክት ወደ ስልካችን እንዲልኩ ይፈቅዳል፤ ለዚህ ግን አስቀድሞ እኛን ይጠይቃል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ በቆሰበር የሚኖር ሰው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚያከብረውን በዓል ቪዲዮ ፈልጎ አንድ የማያውቀው ገጽ ይከፍታል እንበል። ገጹም «ቪዲዮውን ለማየት ፍቀድ የሚለውን ይጫኑ»፣ ወይም «ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ ፍቀድ የሚለውን ይጫኑ» ይለዋል። በችኮላ ይጫናል። ቪዲዮው ላይከፈት ይችላል፤ ፈቃዱ ግን ተሰጥቷል። ከዚያ በኋላ ገጹ ተዘግቶም እንኳ ቀንና ሌሊት መልእክት ይልካል። የመዝሙር ግጥም፣ የፈተና ውጤት፣ የኳስ ጨዋታ ወይም የፊልም ትርጉም የሚፈልጉ ሰዎችም በዚሁ መንገድ ይያዛሉ።

ሁለተኛው መግቢያ በማሰሻው ላይ የሚጨመር ተቀጽላ ነው፤ «ኤክስቴንሽን» ይባላል። ይህ በብዛት የሚታየው በኮምፒውተር ላይ ነው። ቪዲዮ ለማውረድ ወይም ፋይል ለመለወጥ ብለን የጫንነው ተቀጽላ የመጀመሪያ ገጻችንንና የመፈለጊያ ገጻችንን ለውጦ ወደ ማስታወቂያ ገጾች ይወስደናል።

ሦስተኛው መግቢያ በስልካችን ላይ የጫንነው መተግበሪያ ነው። መብራት ማብሪያ፣ የስልክ ማጽጃ፣ የጽሑፍ ቍልፍ ሰሌዳ፣ አንዳንዴም የመዝሙር ወይም የመጽሐፍ መተግበሪያ መስሎ ይገባል። በተለይ ከፕሌይ ስቶር ውጭ የሚመጣው ያሠጋል። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ መቆየቱ ይታወሳል። መተግበሪያዎችን በዜንደርና በሼርኢት ከስልክ ወደ ስልክ መቀባበል ኢንተርኔት በሌለበት ጊዜ የሚያገለግል፣ ከዚያም በፊት በሀገራችን የተለመደ ዘዴ ነው። ነገር ግን በዚህ መልክ የሚተላለፍ ፋይል መጀመሪያ ከማን እንደ መጣ፣ በመካከል ማን እንደ ነካካው አይታወቅም። ጓደኛችን ታማኝ ነው ማለት ለጓደኛችን የደረሰው ፋይል ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

አራተኛው መግቢያ ከእኛ ፈቃድ ውጭ የሆነው ብቻ ነው፤ ስልኩ ገና ከመሸጡ በፊት በውስጡ የተቀመጠ ፕሮግራም። ይህ በሀገራችን በእርግጥ ደርሷል። አፕስትሪም የተባለው የሞባይል ደኅንነት ድርጅት በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ ቴክኖ ደብልዩ 2 የተባለው ርካሽ ስልክ ትሪያዳና ኤክስሄልፐር የተባሉ ጎጂ ፕሮግራሞችን ይዞ ለገበያ መቅረቡን ገልጿል። ችግሩ በብዛት ታየ ከተባለባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች፤ ካሜሩን፣ ግብጽ፣ ጋናና ደቡብ አፍሪካም ተጠቅሰዋል። ፕሮግራሞቹ ባለቤቱ ሳያውቅ በክፍያ አገልግሎቶች ሊያስመዘግቡት ይሞክሩ ነበር። በዘገባው መሠረት ከ200 ሺህ በላይ ከሆኑ ስልኮች 19.2 ሚሊዮን አጠራጣሪ ግብይቶች ተመዝግበዋል። አምራቹ ትራንሽን በበኩሉ ትሪያዳን ያስገባው በአቅርቦት ሂደቱ ውስጥ ያለ ያልታወቀ አካል መሆኑንና ማስተካከያ መልቀቁን ተናግሯል። ሳይገዙት የአየር ሰዓታቸው የሚቀነስባቸውና ጥፋቱን በራሳቸው ላይ የሚፈልጉ ምእመናን ይህን ማወቅ ይገባቸዋል።

በየትኛው እንደ ገባ መለየት

ሐኪም መድኃኒት ከማዘዙ በፊት እንደሚመረምር፣ እኛም ከማጥፋታችን በፊት አራት ጥያቄዎችን እንጠይቅ።

ማስታወቂያው የሚመጣው አንድን ድረ ገጽ ስንከፍት ብቻ ነውን? እንዲህ ከሆነ ችግሩ የዚያ ገጽ እንጂ የስልካችን አይደለም፤ ገጹን መተው ይበቃል።

ከላይ በኩል እንደ መልእክት ወርዶ፣ የክሮም ምልክትና የአንድ ድረ ገጽ አድራሻ ይዞ ይታያልን? እንዲህ ከሆነ የመጀመሪያው መግቢያ ነው።

ማሰሻውን ስንከፍት የማናውቀው የመፈለጊያ ገጽ ይመጣልን? ይህ ሁለተኛው ነው።

ምንም ሳንከፍት፣ ስልክ እየደወልን ወይም ጽሑፍ እያነበብን ሳለ ሙሉ ገጹን ይሸፍናልን? እንዲህ ከሆነ ሦስተኛው መግቢያ መሆኑ ይበልጥ ይገመታል። የቆሰበሩ ወንድማችን የደረሰበት ይህ ነበር።

መፍትሔው በቅደም ተከተል

በስልኮች ላይ የምናሌዎቹ ስም እንደ ስልኩ ዓይነት ጥቂት ሊለያይ ይችላል፤ መንገዱ ግን ተመሳሳይ ነው።

የማሳወቂያ ፈቃድን ለመንሣት ክሮምን ከፍተን በላይ በኩል ጥግ ላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች እንነካለን። ከዚያም «ቅንብሮች»፣ ቀጥሎ «የጣቢያ ቅንብሮች»፣ ቀጥሎ «ማሳወቂያዎች» የሚለውን እንከፍታለን። ስልኩ በእንግሊዝኛ ከሆነ «ሴቲንግስ»፣ «ሳይት ሴቲንግስ»፣ «ኖቲፊኬሽንስ» ይላል። በዚያ የተፈቀደላቸው ድረ ገጾች በዝርዝር ይታያሉ። የማናውቀውን እያንዳንዱን ነክተን ፈቃዱን እናግድ። በዚሁ ምናሌ ውስጥ «ብቅ ባዮችና አቅጣጫ ማዞሮች» የሚለውም ታግዶ መሆኑን እናረጋግጥ። አቋራጭም አለ፤ የማስታወቂያው መልእክት ሲመጣ ሳንከፍተው በጣታችን ተጭነን ብንቆይ መልእክቱን የሚያጠፋው ቅንብር ይወጣል።

በሦስተኛው መግቢያ የገባውን ለማግኘት ቀላሉ ዘዴ ማስታወቂያው በታየበት ቅጽበት በቅርብ የተከፈቱ መተግበሪያዎችን የሚያሳየውን ቍልፍ መጫን ነው። ማስታወቂያውን ያወጣው መተግበሪያ ስም ወይም ምልክት ብዙ ጊዜ በዚያ ይታያል። ካልታየ በስልኩ ቅንብሮች ውስጥ «መተግበሪያዎች» የሚለውን ከፍተን ዝርዝሩን በሙሉ እንመልከት። አንዳንዱ አድዌር ምልክቱን ከፊት ገጽ ደብቆ በዚህ ዝርዝር ውስጥ ብቻ ይገኛል። ችግሩ በጀመረበት ሰሞን የጫንናቸውን እናስታውስና ከእነርሱ እንጀምር።

ቀጥሎ በዚያው «ልዩ የመተግበሪያ መዳረሻ» በሚባለው ክፍል ውስጥ «በሌሎች መተግበሪያዎች ላይ አሳይ» የሚል ፈቃድ አለ። ገጻችንን የመሸፈን ሥልጣን ያላቸው መተግበሪያዎች በዚህ ተዘርዝረዋል። የመብራት ማብሪያ ወይም የመዝሙር መተግበሪያ ይህ ሥልጣን አያስፈልገውም፤ ስለዚህ እንንሣው። ይህ ፈቃድ ከማሳፈር ያለፈ አደጋ እንዳለውም ልብ እንበል። በሌላ መተግበሪያ ላይ መታየት የሚችል ፕሮግራም ክፉ አሳብ ባለው ሰው እጅ ከገባ የባንክ ወይም የቴሌብር ገጽ መስሎ የሚስጥር ቍጥራችንን ሊጠይቀን ይችላል።

የትኛው መተግበሪያ እንደ ሆነ መለየት ካልቻልን «ሴፍ ሞድ» የተባለውን እንጠቀም። በብዙ የአንድሮይድ ስልኮች የማጥፊያውን ቍልፍ ተጭነን «አጥፋ» የሚለው ሲወጣ እርሱን በጣታችን ተጭነን ብንቆይ ስልኩ በዚህ መልክ እንዲነሣ ይጠይቀናል። በሴፍ ሞድ ውስጥ እኛ የጫንናቸው መተግበሪያዎች አይሠሩም። ማስታወቂያው በዚያ ጊዜ ከጠፋ ምንጩ እኛ ከጫንናቸው አንዱ መሆኑ ታወቀ ማለት ነው። የምንጠረጥረውን እናጥፋ፤ ስልኩንም አጥፍተን በማብራት ወደ ቀድሞው እንመልሰው፤ ካልተፈታም ቀጣዩን እንሞክር።

«አልጠፋም» የሚል መተግበሪያ ቢያጋጥመን የስልኩ አስተዳዳሪነት ሥልጣን ወስዶ ሊሆን ይችላል። በደኅንነት ቅንብሮች ውስጥ «የመሣሪያ አስተዳዳሪ መተግበሪያዎች» በሚለው ሥር ሥልጣኑን ስንነሣው መጥፋት ይችላል። በመጨረሻም ፕሌይ ስቶርን ከፍተን፣ የመለያ ምስላችንን ነክተን፣ «ፕሌይ ፕሮቴክት» የሚለውን እንዲፈትሽ እናድርግ። ይህ ከስልኩ ጋር የመጣ ስለሆነ ሌላ የጸረ ቫይረስ መተግበሪያ ፍለጋ መሄድ አያሻንም።

የአየር ሰዓት በማናውቀው አገልግሎት ምክንያት የሚቀነስ ከሆነ ደግሞ ከአጭር ቍጥር የመጣውን መልእክት እንፈልግና በውስጡ የተጻፈውን የማቋረጫ መመሪያ እንከተል። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች ወደ 994 ደውለው የተመዘገቡባቸውን አገልግሎቶች ማስጠየቅ ይችላሉ።

በኮምፒውተር ላይ፣ በተለይ በደብር ጽሕፈት ቤቶችና በሰንበት ትምህርት ቤት ቢሮዎች ብዙ ሰው በሚጠቀምባቸው ኮምፒውተሮች ላይ፣ ክሮምን ከፍተን «ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን እንመልከት፤ ማን እንደ ጨመረው የማናውቀውን ተቀጽላ እናስወግድ። ቀጥለን በቅንብሮች ውስጥ ቅንብሮቹን ወደ መጀመሪያው ሁኔታቸው የሚመልሰውን እንምረጥ። ይህ የመፈለጊያ ገጹን ያስተካክላል፤ የተቀመጡ የገጽ አድራሻዎችንና የይለፍ ቃሎችን አያጠፋም። በመቀጠል ከዊንዶውስ የፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ የማናውቃቸውን እናጥፋ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ካልተፈታ የማልዌርባይትስ ድርጅት የሚያቀርበው አድደብልዩክሊነር የተባለ ነጻ መሣሪያ አለ፤ ከድርጅቱ ከራሱ ድረ ገጽ ብቻ ይወረድ።

ባዶ ማድረግ መቼ ያስፈልጋል?

ስልክን ወደ ፋብሪካ ሁኔታው መመለስ በመጀመሪያዎቹ ሦስት መግቢያዎች ለገባው አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም፤ በአራተኛው ለገባው ደግሞ ላይበቃ ይችላል። ሲማንቴክ እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ ኤክስሄልፐር ባወጣው ዘገባ ፕሮግራሙ በስድስት ወራት ውስጥ 45 ሺህ ያህል ስልኮችን መበከሉን ገልጿል። ተጠቃሚዎችም ስልካቸውን ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ከመለሱ በኋላ እንኳ ተመልሶ መምጣቱን ሲናገሩ ነበር። እንዲህ ያለው ከስልኩ ሥርዐት ጋር የተቀላቀለ ፕሮግራም የሚወገደው በአምራቹ በሚለቀቅ ማሻሻያ ወይም ንጹሑን የአምራቹን ሶፍትዌር እንደ ገና በመጫን ነው።

ስለዚህ ባለሙያ «ፍላሽ ይደረግ» ሲለን አስቀድመን ሁለት ነገር እንጠይቅ፤ «መተግበሪያዎቹ ተፈትሸዋል ወይ? በሴፍ ሞድ ታይቷል ወይ?» ከዚያም በኋላ ግድ ከሆነ ፎቶዎችን፣ የድምፅ ቅጂዎችንና የስልክ ቍጥሮችን ወደ ኮምፒውተር፣ ወደ ሚሞሪ ካርድ ወይም በቴሌግራም «የተቀመጡ መልእክቶች» ወደሚባለው እናሻግር። የተጫኑ መተግበሪያዎችን ፋይል ግን አናስቀምጥ፤ ችግሩን መልሶ የሚያመጣው እርሱ ሊሆን ይችላልና።

የሐሰት ማስጠንቀቂያ

አንዳንዱ ማስታወቂያ እያስፈራራ ይመጣል። ቀይ ገጽ ይከፈታል፤ ስልኩ ይንቀጠቀጣል፤ «ስልክዎ በቫይረስ ተጠቅቷል፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ካላጸዱት ይበላሻል» የሚል ጽሑፍ ይነበባል። አንድ ድረ ገጽ ስልካችንን ፈትሾ በውስጡ ቫይረስ መኖሩን ሊያውቅ አይችልም፤ ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ሐሰት ነው። በገጹ ላይ ያለውን የመዝጊያ ምልክት እንኳ አንንካ፤ የመዝጊያ ምልክት መስሎ የተሣለ ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል። ወደ ፊት ገጽ የሚመልሰውን ቍልፍ ተጭነን ማሰሻውን በቅርብ ከተከፈቱት ዝርዝር ውስጥ እናስወግደው። ተመልሶ ከመጣ የማሰሻውን የተከማቸ መረጃ እናጽዳ። ወላጆች ይህን ለአረጋውያንና ለሕፃናት አስቀድመው ቢነግሯቸው መልካም ነው፤ በድንጋጤ የሚጫኑት በብዛት እነርሱ ናቸውና።

እንዳይመለስ

መከላከሉ ከማስወገዱ ይቀላል። አንድ ገጽ ማሳወቂያ ልላክ ብሎ ሲጠይቅ መልሳችን «አግድ» ይሁን፤ ለዜናም ለቪዲዮም ይህ ፈቃድ አያስፈልግም። ሮቦት አለመሆንን ለማረጋገጥ ማሳወቂያ መፍቀድን የሚጠይቅ ትክክለኛ ገጽ የለም።

መተግበሪያ ስንጭን ከፕሌይ ስቶር ይሁን፤ በዚያም ቢሆን ማን እንዳዘጋጀው፣ ሰዎች ምን እንደ ተናገሩለት እናንብብ። የመዝሙር መተግበሪያ ስለ ምን የስልክ ቍጥሮቻችንን ወይም መልእክቶቻችንን ማየት ይፈልጋል? መልስ የማናገኝለትን ፈቃድ አንስጥ። «ያልታወቁ መተግበሪያዎችን ጫን» የሚለውን ፈቃድ ከክሮም፣ ከቴሌግራምና ከዜንደር ላይ እንንሣ። የስልኩን ማሻሻያዎች፣ በተለይ የደኅንነት ማሻሻያዎችን፣ ዋይፋይ ባገኘን ጊዜ እንጫን። በኮምፒውተር ላይ ነጻ ፕሮግራም ስንጭን «ቀጥል»ን ደጋግመን ከመጫን ይልቅ እያንዳንዱን ገጽ እናንብብ፤ ሌላ ፕሮግራም አብሮ እንዲጫን አስቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥን ሊኖር ይችላልና።

የደብር ወይም የማኅበር ድረ ገጽ የምናስተዳድር አገልጋዮችም ተጨማሪ ኃላፊነት አለብን። መዝሙርና ትምህርት ፍለጋ የሚመጣውን ምእመን ከየት እንደ መጣ ለማናውቀው ማስታወቂያ አሳልፈን መስጠት የለብንም። መተግበሪያ ስናሰራጭም ፋይሉን በቴሌግራም ከመላክ ይልቅ የፕሌይ ስቶሩን አድራሻ እንላክ።

ሕጉም ጉዳዩን ቀላል አላደረገውም። የኮምፒውተር ወንጀል ዐዋጅ ቍጥር 958/2008 ጎጂ ፕሮግራም ማሰራጨትንም፣ ተቀባዩ አስቀድሞ ሳይፈቅድ የማስታወቂያ መልእክት ማሰራጨትንም በወንጀልነት ይደነግጋል። በደሉ የደረሰበት ሰው የሚያፍርበት ምክንያት የለም።

ይህን የምንለው የቆሰበሩ ወንድማችን ጉዳት የከፋው በማስታወቂያው ብቻ ስላልነበረ ነው። ያፈረ ሰው አይጠይቅም፤ ያልጠየቀም መፍትሔው ቅርብ ሳለ ሩቅ ይሄዳል። እርሱ ዛሬ ያን መተግበሪያ አጥፍቶ፣ ንጹሑን ከፕሌይ ስቶር ጭኖ ንባቡን ቀጥሏል። በየወሩ አንድ ጊዜም ከመርሐ ግብሩ በኋላ ከጓደኞቹ ጋር የአባቶችንና የእናቶችን ስልክ ይፈትሻል። ሥራውን ከመጀመሩ በፊት አስቀድሞ የሚጠይቃቸው ግን ሌላ ነገር ነው፤ «በስልክዎ ውስጥ እንዳይጠፋ የሚሹት ምን አለ?» ይላቸዋል፤ የነገሩትንም በሌላ ቦታ ይገለብጥላቸዋል። እኛም አንባብያን ይህን ጽሑፍ ከጨረሱ በኋላ ከሁሉ አስቀድመው ይህን አንድ ነገር እንዲያደርጉ እንመክራለን።